በቤት ውስጥ አነስተኛ የኢንተርኔት ስልክ ማዕከል ማቋቋም፦ ከመጀመሪያው ደወል እስከ ውጭ መስመር

የቤት ስልክ ማዕከል ሦስት ነገር ነው፦ ጥሪ የሚያገናኝ አንድ ኮምፒውተር (ሰርቨር)፣ የሚደዋወሉ ስልኮች፣ ሁሉንም የሚያያይዝ የቤቱ ኔትወርክ። የውጭ መስመር የግድ አይደለም፤ ከተፈለገም በኋላ ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሁሉንም በአንድ ቀን ለመግጠም ሲነሣ ነው። ድምፅ ሲጠፋ ጥፋቱ የስልኩ ይሁን የራውተሩ፣ የሰርቨሩ ይሁን የውጭ መስመሩ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ እዚህ አንድ ሕግ እንከተላለን፦ ቤት ውስጥ ሁለት ስልኮች ሳይደዋወሉ፣ ድምፅ በሁለቱም በኩል ሳይሰማ፣ ጥሪውም ሳይቋረጥ መቆየቱ ሳይረጋገጥ ወደ ውጭ አይወጣም።

ጥሪው በሁለት መንገድ ይሄዳል

ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህን መረዳት ግማሹን ራስ ምታት ያስቀራል። አንደኛው መንገድ ሲፕ ይባላል። ማን ለማን እንደደወለ፣ ስልኩ መጥራቱን፣ መነሣቱን፣ መዘጋቱን የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ዩዲፒ በተባለው የመላኪያ ስልት፣ በፖርት (በኔትወርክ በር ቁጥር) 5060 ነው። ሁለተኛው አርቲፒ ነው፤ ንግግሩን ራሱን የሚሸከመው ይህ ሲሆን የሚሄደውም በሌላ ፖርት ነው። አስተሪስክ በተባለው የስልክ ማዕከል ሶፍትዌር ለዚህ የተመደበው ከ10000 እስከ 20000 ያለው ነው።

መንገዶቹ ስለሚለያዩ አንዱ ሠርቶ ሌላው ሊሰናከል ይችላል። ስልኩ ከጠራና ከተነሣ በኋላ ድምፅ ከሌለ ችግሩ ያለው በአርቲፒ መንገድ ላይ ነው። ጨርሶ ካልጠራ ደግሞ ሲፕን ይመርምሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሰርቨርነት አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ባለ 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው፣ 4 ጊጋባይት ራም እና 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ኤስኤስዲ የተገጠመለት አሮጌ ኮምፒውተር ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ሌት ተቀን ስለሚበራ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚወስደውን ይምረጡ። ራስበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አስተሪስክን ብቻውን መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን እዚህ የምንጠቀምበት ፍሪፒቢኤክስ 17 የሚጫነው ዴቢያን 12 የተባለው ስርዓተ ክወና ባለው የ64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፍሪፒቢኤክስ አስተሪስክን በድረ ገጽ እየተጫኑ ለማስተካከል የሚያስችል ሶፍትዌር ነው፤ ለጀማሪ ከጽሑፍ ፋይሎች ጋር ከመታገል ይሻላል።

ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያገናኙት። ዋይፋይ ላይ ያለ ሰርቨር የሁሉንም ስልክ ድምፅ ያበላሻል፤ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ግን የራሱን ብቻ ነው።

ስልኮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በቀጥታ የኔትወርክ ኬብል የሚሰካበት አይፒ ስልክ ነው። ሁለተኛው በሞባይል ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚጫን መተግበሪያ ነው፤ ሊንፎን ወይም ለዊንዶውስ የተሠራው ማይክሮሲፕ ይበቃል፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያለው መደበኛ ስልክ ሲሆን የሚገናኘው እንደ ግራንድስትሪም ኤችቲ801 ባለ አዳፕተር በኩል ነው።

አዳፕተር ሲገዙ ፖርቱ «ኤፍኤክስኤስ» የሚባለው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ ፖርት ለስልኩ ኤሌክትሪክና የደወል ምልክት ይሰጣል። «ኤፍኤክስኦ» ደግሞ በተቃራኒው ከስልክ ኩባንያው የሚመጣውን መስመር ይቀበላል። ሁለቱ መሰኪያቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ በቀላሉ ይምታታሉ፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። ከግድግዳ የሚመጣ መደበኛ መስመር ወደ 48 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለው፤ ሲጠራ ደግሞ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጨመርበታል። ይህን ኤፍኤክስኤስ ፖርት ላይ መሰካት አዳፕተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ኢንተርኔቱ ይችላል ወይ?

የቤት ውስጥ ጥሪ ኢንተርኔት አይነካም። ለውጭ ጥሪ ግን ስሌቱ እንዲህ ነው። ጂ.711 የተባለው የተለመደ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዳታ የሚለውጥ ዘዴ) ድምፁን በሰከንድ 64 ኪሎቢት አድርጎ በ50 ፓኬቶች (ትናንሽ የዳታ ጥቅሎች) ይልካል። እያንዳንዱ ፓኬት 40 ባይት የአድራሻ መረጃ ስለሚሸከም ድምሩ በሰከንድ 80 ኪሎቢት ይሆናል፤ በኔትወርክ ኬብል ላይ ሲለካ ደግሞ 87 ገደማ ነው። ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ለመላክም ለመቀበልም ያንኑ ያህል ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንዲያወሩ ከተፈለገ 200 ኪሎቢት የመላኪያ አቅም ነጻ መሆን አለበት። ጂ.729 ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ቢያጠበውም የአድራሻው መረጃ ሲደመር 24 ይደርሳል።

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው መዘግየቱ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ መዘግየት ለአብዛኛው ንግግር ጥሩ ነው ይላል። ከዚያ እየጨመረ ሲሄድ ሰዎች አንዱ የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይጀምራሉ። ፓኬቶቹ እኩል ባልሆነ ልዩነት ሲደርሱ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል፤ በፈጣን ኢንተርኔት ላይ መጥፎ ጥሪ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰርቨሩን መጫን

1. ዴቢያን 12ን ወደ ፍላሽ ገልብጠው ኮምፒውተሩ ላይ ይጫኑ። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሚፈልጉትን አስቀድመው ያውጡ። ምን ምን ይጫን ተብሎ ሲጠየቅ የዴስክቶፑን ምልክት አንሥተው ከሌላ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያስችለውን የኤስኤስኤች ሰርቨሩንና መደበኛ መሣሪያዎቹን ብቻ ይተዉ።

2. ራውተሩ ውስጥ ገብተው ለሰርቨሩ የማይለወጥ አይፒ አድራሻ ይያዙለት፤ ለምሳሌ 192.168.1.10። ይህን መዝለል የለብዎትም። ስልኮቹ ሁሉ የሚመዘገቡት በዚህ አድራሻ ነው፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሌላ ቁጥር ከሰጠው ቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል።

3. የፍሪፒቢኤክስ 17 መጫኛ ስክሪፕትን ከፕሮጀክቱ ይፋዊ የጊትሃብ ገጽ አውርደው ሙሉ ሥልጣን ባለው በሩት ተጠቃሚ ያስኪዱት። አስተሪስክን፣ ዳታቤዙንና የድረ ገጹን ሰርቨር ራሱ ይጭናል። መሀል ላይ የቆመ ቢመስል አያቋርጡት፤ ጊዜ ይወስዳል።

4. ከሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ከፍተው የሰርቨሩን አድራሻ ይጻፉ። የአስተዳዳሪ ስምና ጠንካራ የይለፍ ቃል ይስጡ። የፋየርዎሉ (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለው ክፍል) ጥያቄዎች ሲመጡ ፋየርዎሉን አብርተው የቤትዎን ኔትወርክ፣ ማለትም 192.168.1.0/24ን፣ የታመነ አድርገው ይመዝግቡ።

5. «አስተሪስክ ሲፕ ሴቲንግስ» በሚለው ገጽ ላይ ኔትወርኩን ራሱ እንዲያገኝ የሚያዘውን ቁልፍ ይጫኑ። የቤትዎ ኔትወርክ «ሎካል ኔትወርክስ» ሥር መግባቱን በዓይንዎ ይመልከቱ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይልመዱ። ማንኛውንም ገጽ ካስቀመጡ በኋላ ከላይ «አፕላይ ኮንፊግ» የሚል ቀይ ቁልፍ ይወጣል። እሱ እስኪጫን ድረስ የለወጡት ነገር ገጹ ላይ ይታያል እንጂ ሥራ ላይ አይውልም። «አስተካክዬው እምቢ አለ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው መነሻው ይኸው ቁልፍ ነው።

ለእያንዳንዱ ስልክ የውስጥ ቁጥር መስጠት

«ኤክስቴንሽንስ» ገጽ ላይ አዲስ የፒጄሲፕ (የአስተሪስክ የሲፕ ክፍል) ቁጥር ይክፈቱ። ባለ ሦስት አሃዝ ይበቃል፦ 201 ለሳሎን፣ 202 ለማድ ቤት፣ 203 ለሞባይል። በ0፣ በ1 ወይም በ9 አይጀምሩ፤ ከውጭ መደወያ መነሻዎችና ከአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሮች ጋር ይጋጫሉ።

ፕሮግራሙ ራሱ የሚያመነጨውን ረጅም የይለፍ ቃል እንዳለ ይተዉት። ለማስታወስ ይመቻል ብሎ ለ201 የይለፍ ቃሉንም 201 ማድረግ በሩን ከፍቶ መሄድ ነው፤ የስልክ ማዕከል የሚያስሱ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚሞክሩት ይህንኑ ነው።

«ማክስ ኮንታክትስ» የሚለው ቁጥር 1 ከሆነ አንድ የውስጥ ቁጥር የሚይዘው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። 203ን ሞባይልም ላፕቶፕም ላይ ካስገቡት የኋለኛው የፊተኛውን ያስወጣዋል፤ ስልኩም አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ እምቢ ይላል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል። የምንመክረው ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ቁጥር መስጠት ነው፤ ችግር ሲመጣ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ለኮዴክ ጂ.722ን አስቀድመው ከሥሩ ሁለቱን የጂ.711 ዓይነቶች፣ ኤሎንና ዩሎን፣ ያስከትሉ። ጂ.722 የሚይዘው ቦታ ከጂ.711 እኩል ሆኖ ድምፁ ግን በጣም የጠራ ነው፤ ቤት ውስጥ የማይጠቀሙበት ምክንያት የለም።

ስልኮቹን ማስመዝገብ

በሊንፎን ላይ የሌላ ሰርቨር የሲፕ አካውንት የሚያስገባውን አማራጭ ይምረጡ። የተጠቃሚ ስም 203፣ የይለፍ ቃሉ ከገጹ የተቀዳው፣ ዶሜይኑ 192.168.1.10 ነው። ማስተላለፊያው ቲኤልኤስ (የተመሰጠረ መላኪያ) ላይ ሆኖ ከተገኘ ወደ ዩዲፒ ይቀይሩት፤ አለበለዚያ አይመዘገብም። በአንድሮይድ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያውን እንዳያስተኛው ገደቡን ያንሡ። ካላነሡት ማያው ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ የሚገባ ጥሪ አይሰማም። አይፎን ላይ ከጀርባ ያለ መተግበሪያ የሚነቃው በልዩ የማንቂያ አገልግሎት ስለሆነ፣ ያ ከሌለ አይፎንን ለመደወያ እንጂ ለመጠሪያ አይመኩበት።

ለመደበኛው ስልክ አዳፕተሩን ከራውተሩ ጋር አገናኝተው መነጋገሪያውን ያንሡና የ* ቁልፍን ሦስት ጊዜ ይጫኑ። በግራንድስትሪም አዳፕተር የድምፅ ምናሌ ይመጣል፤ 02 ሲጫኑ አይፒ አድራሻውን ያነብልዎታል። ያንን በብራውዘር ከፍተው የስልክ ፖርቱ ገጽ ላይ የሲፕ ሰርቨሩን 192.168.1.10፣ የተጠቃሚውንም የማረጋገጫውንም ስም 202፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ያስገቡ። የመግቢያው የይለፍ ቃል በአዲሶቹ ላይ አዳፕተሩ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ደውለው ለጥቂት ሰከንዶች ዝምታ ካለ አልተበላሸም፤ ሌላ አሃዝ ይመጣል ብሎ እየጠበቀ ነው። መጨረሻ ላይ # መጫን ወዲያው ያስኬደዋል።

አሁን ከእያንዳንዱ ስልክ *43 ይደውሉ። የተናገሩት ተመልሶ ይሰማዎታል። ድምፅዎ ከተመለሰ የዚያ ስልክ ሲፕም አርቲፒም ደህና ናቸው። ቀጥሎ ከ201 ወደ 202 ደውለው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያውሩ። አንድ ደቂቃ የተባለበትን ምክንያት ከታች ያገኙታል። ይህ ሁሉ ከሠራ «ሪንግ ግሩፕስ» ላይ 600 የሚል ቡድን ፈጥረው ሁሉም አብረው እንዲጠሩ፣ በ25 ሰከንድ ውስጥ ያነሣ ከሌለ ወደ ድምፅ መልእክት እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። መልእክት ለመስማት *97 ነው።

የሚበላሸው ነገርና ምክንያቱ

*ስልኩ አይመዘገብም።* የሰርቨሩ መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ 401 የሚል የመልስ ኮድ ቢታይ አይደንግጡ፤ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል እየጠየቀ ነው። እየተደጋገመ ከመጣ ግን የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው። ምንም ነገር ካልታየ ፓኬቱ ሰርቨሩ ጋር አልደረሰም፤ ሞባይሉ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ የእንግዳ ዋይፋይ መሣሪያዎችን እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይለያያል። ሌላም ሰው የሚያደክም ጉዳይ አለ፦ የይለፍ ቃል ደጋግመው ከተሳሳቱ ሰርቨሩ የስልኩን አድራሻ ለጊዜው ያግደዋል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ቢያስገቡም አይሠራም። ፋየርዎሉ ውስጥ የታገዱትን ዝርዝር አይተው ያስለቅቁት።

*ይጠራል፣ ይነሣል፣ ድምፅ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው።* ስልኩ ጥሪ ሲጀምር «ድምፁን በዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ብሎ የራሱን 192.168 የሚል አድራሻ ይጽፋል። ተቀባዩ ከቤት ውጭ ከሆነ ያ አድራሻ ለእሱ ትርጉም የለውም፤ ድምፁ የትም አይደርስም። መፍትሔው ሦስት ነው፦ «አስተሪስክ ሲፕ ሴቲንግስ» ላይ የውጭ አድራሻውና የቤት ኔትወርኩ በትክክል መሞላታቸውን ማየት፤ በየቁጥሩ «ዳይሬክት ሚዲያ»ን አጥፍቶ «አርቲፒ ሲሜትሪክ»ን ማብራት፤ ራውተሩ ላይ ደግሞ «ሲፕ ኤኤልጂ»ን ማጥፋት። ይህ የመጨረሻው ለመርዳት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የጥሪውን አድራሻ እየለዋወጠ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበዛል። ራውተሩ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ይህን ያጥፉ።

*ጥሪው ልክ በ32 ሰከንድ ይቋረጣል።* ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ስልኩ ሲነሣ ደዋዩ «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ መመለስ አለበት። ሲፕ መልሱን የሚጠብቀው የ500 ሚሊሰከንድን 64 እጥፍ ነው፤ ይህም 32 ሰከንድ ይመጣል። ማረጋገጫው በተሳሳተ አድራሻ ስለሄደ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ሰዎቹ እያወሩ ሳለ ማዕከሉ ይዘጋዋል። መፍትሔው ከላይ ያለው የአድራሻ ጉዳይ ነው። በየ15 ደቂቃው የሚቋረጥ ጥሪ ደግሞ ዘመዱ ነው፦ ጥሪው መኖሩ የሚታደሰው በ1,800 ሰከንድ ግማሽ ላይ ሲሆን እድሳቱ ሳይደርስ ይቀራል።

*መደወል ይቻላል፣ መጠራት ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቆማል።* ራውተሩ የከፈተውን መንገድ ሥራ ፈት ሲያየው ይዘጋዋል። በቁጥሩ ገጽ ላይ «ኳሊፋይ ፍሪኩዌንሲ»ን ወደ 30 ሰከንድ ያውርዱት፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

*488 ተብሎ ጥሪው ይመለሳል።* ሁለቱ ወገኖች የጋራ ኮዴክ የላቸውም። ከጂ.711 አንዱን ሁለቱም ላይ ያብሩ።

*ድምፁ ይቆራረጣል።* ሌላ ሰው ፋይል ሲልክ ብቻ ከሆነ የመላኪያው መስመር ተጨናንቋል። ራውተሩ የወረፋ ማስተካከያ ካለው የመላኪያውን ገደብ ከእውነተኛው ፍጥነት 85 እስከ 90 በመቶ ላይ ያድርጉት፤ ወረፋው ከኢንተርኔት አቅራቢው ሞደም ወደ ራውተርዎ ይመጣና ድምፅ ይቀድማል። ሁልጊዜ ከሆነና ስልኩ ዋይፋይ ላይ ካለ በኬብል ይሞክሩት።

*የራስ ድምፅ ይመለሳል።* የገደል ማሚቶውን የሚሰማው ሰው ስልክ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ ጥፋቱ በወዲያኛው ጫፍ ነው። የዚያኛውን መነጋገሪያ ድምፅ ይቀንሱ፤ አዳፕተር ከሆነ የድምፅ ማጉያ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ።

*ባንክ ወይም ድርጅት ደውለው «1 ይጫኑ» ሲባል አይቀበልም።* የቁልፍ ድምፁ ከንግግሩ ጋር ተጨምቆ ይበላሻል። በስልኩም በሰርቨሩም አርኤፍሲ 4733ን ይምረጡ፤ በአንዳንድ መሣሪያ በቀድሞው ቁጥር 2833 ተብሎ ይገኛል።

ከዚህ ያለፈ ነገር ሲገጥም ሰርቨሩ ላይ «ኤስኤንግሬፕ» የተባለውን መሣሪያ ይክፈቱ። የእያንዳንዱን ጥሪ መልእክቶች በቀስት እየሳለ ያሳያል። የትኛው መልእክት መልስ ሳያገኝ እንደቀረ በዓይን ማየት ከብዙ ግምት ያድናል።

የውጭ መስመር መጨመር

የኢንተርኔት ስልክን ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር ማገናኘት በየአገሩ የተለያየ ሕግ አለው፤ አገልግሎት ከመግዛትዎ በፊት የአገርዎን ይጠይቁ። አቅራቢው የሰርቨር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጥዎታል። እነዚህን የውጭ መስመሮች በሚመዘገቡበት «ትራንክስ» ገጽ ላይ ያስገቡ። ቀጥሎ በወጪ ጥሪዎች ገጽ ላይ በ9 የሚጀምር ቁጥር 9ኙ ተቆርጦ በዚህ መስመር እንዲወጣ፣ በገቢ ጥሪዎች ገጽ ላይ ደግሞ የሚመጣው ወደ 600 እንዲሄድ ያድርጉ። የእርስዎ ሰርቨር ራሱ ሄዶ ስለሚመዘገብ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም።

ወደ ውጭ አገር የማይደውሉ ከሆነ በወጪ ገጹ ላይ ለእሱ መንገድ አይፍጠሩለት። ሒሳቡንም ቅድመ ክፍያ ያድርጉት። ሰርጎ የገባ ሰው የሚፈልገው ንግግርዎን ሳይሆን ወደ ውድ ቁጥሮች ሌሊቱን ሙሉ መደወል ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው ለእርስዎ ነው።

ከቤት ውጭ ሆኖ መጠቀም

ፖርት 5060ን ራውተሩ ላይ አይክፈቱ። በይነመረቡን ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች ብዙም ሳይቆዩ ያገኙታል። በምትኩ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መንገድ) በቤት ውስጥ አቋቁመው በተለምዶ የሚጠቀምበትን የዩዲፒ ፖርት 51820 ብቻ ይክፈቱ። ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስ ስለማይሰጥ ከውጭ ለሚያስስ መኖሩም አይታወቅም። በሞባይሉ በኩል የማቆያ ምልክቱን 25 ሰከንድ ያድርጉት።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። የቪፒኤኑ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ 10.8.0.0/24፣ ሰርቨሩ ላይ «ሎካል ኔትወርክስ» ውስጥ መጨመር አለበት። ካልተጨመረ ሰርቨሩ ሞባይሉን እንደ ውጭ ሰው ቆጥሮ የውጭ አድራሻውን ይሰጠዋል፤ ስልኩ ይጠራል፣ ድምፅ ግን የለም።

ራውተሩ ከአቅራቢው የተቀበለው አድራሻ ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ባለው ውስጥ ከሆነ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ ማለት ነው፤ ፖርት ቢከፍቱም አይደርስም። ያኔ ያለው አማራጭ ከአቅራቢው የራስን አድራሻ መጠየቅ ወይም ቪፒኤኑን በኪራይ ሰርቨር በኩል ማሳለፍ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ራውተሩ፣ ሰርቨሩ ወይም አዳፕተሩ ከጠፋ ስልክ የለም። ሦስቱን፣ ሞደሙም ለብቻው ከሆነ እሱንም፣ አንድ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ላይ ይሰኩ። ለአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ግን ይህን ሥርዓት ብቸኛ መስመር አያድርጉት፤ ባትሪ ያለው ሞባይል ቤት ውስጥ ይኑር፣ ቤተሰቡም ይወቀው። ሁሉም ነገር ከሠራ በኋላ ከራሱ ከፍሪፒቢኤክስ መጠባበቂያ ቅጂ አውጥተው ሌላ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ እዚያው ሰርቨሩ ላይ የቀረ ቅጂ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።